የማይጮኽ ፍሬን

ላሊበላ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ሰውአገኝ
ባሕር ዳር

የላስታ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ከእግሬ እስከ ራሴ ደህና ነኝ። ከእግሬ የጀመርኩት ከእንግዲህ እሱ ስለሚያርፍ ነው። ቢስክሌቷ ደርሳለች!

ሾፌሩ አብዱልከሪም ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ በገመድ ሲያወርዳት መናኸሪያው ሥራ ፈቶ ቆመ። አንድ ሽማግሌ «የማን ናት?» ቢሉኝ፣ «የሴት አያቴ የአክስት ልጅ የአያ ሰውአገኝ ናት። እሳቸው ባሕር ዳር ቢስክሌት ይጠግናሉ፤ እናታቸው የአያቴ እናት ታናሽ…» እያልኩ ዝምድናችንን ስቆጥር፣ ሳልጨርስ ተሰላችተው ሄዱ።

ደውዬ እንዳላመሰግንዎ ጆሮዎ የስልክ ድምፅ አይሰማም አሉኝ። እናቴ ባንቺዓለም «እንግዲያስ ጻፍ» አለችኝ። ይኸው ስምንተኛ ክፍል ላይ የጣልኩትን እስክርቢቶ አነሳሁ። ፊደሉ እንደ ዝንብ እግር ከሆነብዎ መነጽር ይቀይሩ።

ሥራ መያዜን ሰምተዋል አይደል? ከተማ ውስጥ በእትዬ ይማርሽ የእንግዳ ማረፊያ ቁርስ አቀርባለሁ። እንግዶቹ ቅዳሴ ለማየት ገና ሲነጋ ይነሳሉ። መንደራችን ደግሞ ከከተማው በታች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ዳር ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት። እትዬ ይማርሽ «ሦስት ቀን ያረፈደ አራተኛውን ቤቱ ይዋል» ብለዋል። እኔ ሁለቱን ጨርሻለሁ። እንግዲህ እንጀራዬ በእርስዎ ቢስክሌት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ጠዋት ግማሹን እነዳለሁ፣ ግማሹን እገፋለሁ። ስመለስ ግን ቁልቁለቱን እንደ ራስ ቢትወደድ ነው የምወርደው።

የአክስቴ የሙሉዬ ልጅ ማርያማዊት ከኩልመስክ መጥታ እኛ ቤት ሆና ትማራለች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ከተማ ስለሆነ «ከኋላ ጫነኝ፣ መንዳትም አስተምረኝ» ብላ መቀመጫ አሳጣችኝ። «ይሄ የወንድ ዕቃ ነው» አልኳት። በቃ፣ አኮረፈች።

ለቢስክሌቷ አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ ደወል። በሬ «ዞር በልልኝ» ቢሉት አይሰማም።

የእግርዎ ትቢያ
ምሥጋናው

*

ባሕር ዳር፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሥጋናው

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ ጨምሮም ልብ ይስጥህ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ ጎማዋ አንድ ቃል የለበትም። ስለ ሽማግሌው ግን አሳምረህ ጽፈሃል።

ይህችን ቢስክሌት ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ እዚህ ነገር ቢጓደል እግር ያወርዱና ይቆማሉ። እናንተ ጋ ግን እግርህን ብታወርድ እግርህ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ደብዳቤዬን ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ጠዋት ሳትወጣባት ጎማዋን በአውራ ጣትህ ተጫን። እንደ በሰለ ሎሚ ከጎደጎደልህ ንፋስ አንሷታል። በጎደለ ጎማ ድንጋይ ላይ ከወጣህ የውስጡ ጎማ ሁለት ቦታ ይበሳል፤ ወጪው የአንተ ነው። ቀጥለህ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠህ ወደፊት ግፋት። እንቢ ካለችህ ውጣባት፣ ከሄደችልህ አትውጣባት። ካቴናውን፣ ማለት ሰንሰለቱን፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። በሳምንት አንድ ቀን የስፌት መኪና ዘይት በጠብታ አጠጣው። ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር፣ ከዚያም የተረፈውን ዘይት ጥረገው። ውጭ የቀረ ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም።

የቀኝ ሱሪህን ቁርጭምጭሚትህ ላይ በክር እሰር። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዘህ አትክረም፤ ጨበጥ ለቀቅ አድርግ፤ የኋላውን አስቀድመህ የፊቱን አስከትል። ራስ ቢትወደድም ቢሆን እንደዚሁ ነው የሚወርደው።

ልብ በል፣ አዋስኩህ እንጂ አልሰጠሁህም። ከፋሲካ በኋላ አብዱልከሪም መጥቶ ያያታል። ደህና ይዘሃት ካገኘ ትቆይልሃለች። ካልሆነ እንዳመጣት ጣራ ላይ ጭኖ ይመልሳታል።

ደወሉን ልኬያለሁ። ልጅቷን ጫናት።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ቆመው ከሆነ ወንበር ይፈልጉ።

ቢስክሌቷ ተሰረቀች። እትዬ ይማርሽ በር ላይ አስደግፌአት ሻይ ላቀርብ ገባሁ፤ ስወጣ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ጋሸና ላይ በጭነት መኪና ተጭና ያያት ሰው አለ ይባላል። ስሮጥ ውዬ እግሬ አብጧል። እናቴ ትላንት እህል አልቀመሰችም። በምን ፊቴ አይዎታለሁ? (ይገልብጡት)

ደነገጡ አይደል? ቀልዴን ነው! ቢስክሌቷ ይቺው አጠገቤ ናት፤ ሰላም ብላዎታለች። እናቴ እህል ያልቀመሰችው ስለምትጾም ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልብስ ሰፊያችን የመኪናውን ዘይት አንዲት ጠብታ ነፈገኝ። ስለዚህ ካቴናውን መጀመሪያ በእናቴ ቅቤ ቀባሁት። ለሰለሰ፣ ምን ይወጣለታል! ነገር ግን የመንደሩ ውሻ ሁሉ በሰልፍ ይከተለኝ ጀመር። አንዱማ ቆሜ ሰው ሳናግር ካቴናውን ላሰው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ «ቅቤ እስከ ፋሲካ አይነካም፣ ለብረትም ቢሆን!» ብላ ቅሉን ደበቀችብኝ። ብረት ነፍስ የለውም ብላት «አንተስ?» አለችኝ። ስለዚህ አሁን በኑግ ዘይት ነው። ቢስክሌትዎ ይኸው አሥራ ሁለተኛ ቀኗን እየጾመች ነው። ያሳደጓት እርስዎ ስለሆኑ ደስ ይበልዎ።

ማርያማዊትን አልጫንኳትም። ዳገቱን ብቻዬንም አልቻልኩት።

ምሥጋናው

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሥጋናው

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ ስትቀልድ መክረምህን አይቻለሁ።

የደብዳቤህን ጀርባ ያነበብኩት መናኸሪያ ውስጥ፣ የጋሸናን ቲኬት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ሱቄን ዘግቼ፣ የሰው ቢስክሌት ፈትቼ መሬት ላይ በትኜ! ወረፋ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ስገለብጠው አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ምነው አባቴ፣ ሰው ሞተብዎ?» አለችኝ። «ገና ነው፤ ስደርስ ነው የምገድለው» አልኳት።

ቅቤ! ኑግ! ካቴና ወጥ ነው እንዴ? የሚበላ ዘይት ሲደርቅ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። ከእናንተ አገር አቧራ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሸዋ ወረቀት ይሆንና ጥርሱን ይበላዋል። አሁኑኑ ነጭ ጋዝ በጣሳ አድርግ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥቁሩ እስኪለቅ እሸው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ብልቃጥ ዘይት አብዱልከሪም ይሰጥሃል። ብልቃጧ ትንሽ የሆነችው የሚያስፈልገው ትንሽ ስለሆነ ነው። ጾምም አትሽርም።

ማርያማዊትን ካልጫንካትም ጠዋት ጠዋት ጎማውን እንድታይልህ አድርጋት። ከሁለት ዐይን አራት ዐይን ይሻላል፤ ሁለቱ ያንተ ስለሆኑ እንደ ሁለት እቆጥረዋለሁ።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

ቁጣዎን ተቀብያለሁ፤ ሴትዮዋንም ሰላም ይበሉልኝ። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጠብኩት። የወጣው ጥቁር ጭቃ አንድ ክፍል ይለስናል። አሁን ስነዳት ድምፅ የላትም፤ ውሾቹም ተስፋ ቆርጠው ተበትነዋል።

ድምፅ የላትም ያልኩት ከፍሬኗ በቀር ነው። አያ፣ ፍሬኗ ይጮኻል! የፍሬኑ ጎማዎች ተበልተዋል መሰለኝ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ስጨብጠው እንደ ታረደ ፍየል ነው የሚያደርገው። ሰዉ ለጸሎት በቆመበት ሰዓት ነው የማልፈው። ትላንት መሪጌታ አለሜ መንገድ ላይ ወጥተው አስቆሙኝ።

«ይሄ የምን ጩኸት ነው?»

«ፍሬን ነው መሪጌታ።»

«ለምን ይጮኻል?»

«ቁልቁለቱን ፈርቶ።»

አልሳቁም። «ስማ አንተ፤ ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ደወሉን እንኳ አንደውልም፤ ሰው ከሰው ሰላም አይባባልም። በዚያ ሳምንት ይሄን ይዘህ ብታልፍ እኔና አንተ አንስማማም» አሉኝ። እናቴ ደግሞ እሳቸው የተናገሩትን ከሰማች ቢስክሌቷን ራሷ ነው ለአብዱልከሪም የምታስረክበው።

ሕማማት የሚገባው መጋቢት 28 ነው። ከዚያ በፊት መላ ይላኩልኝ። አዲስ የፍሬን ጎማም ቢጨምሩልኝ። ይሄ ቀልድ የለበትም፤ ገልብጠው ይዩት፣ ጀርባው ባዶ ነው።

ምሥጋናው

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሥጋናው

ሕማማት ስለገባ ሰላምታ የለኝም። ባይገባም ላንተ አልነበረኝም።

ደብዳቤህ ዛሬ ነው የደረሰኝ። የአብዱልከሪም አውቶቡስ ጋሸና ላይ ተበላሽቶ ዕቃ ሲጠብቅ አሥር ቀን ቆሟል፤ ደብዳቤህም እኪሱ ውስጥ አብሮ ቆሟል። ይህም መቼ እንደሚደርስህ እንጃ።

ሁለት የፍሬን ጎማ ልኬያለሁ። እስኪደርስህ ቁልቁለቱን ወርደህ ግፋት። ፍሬን የሚጮኸው ቸርኬው፣ ጎማው የተሰካበት የብረት ክብ፣ ስለሚቆሽሽ ነው። በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠበው። የፍሬኑን ጎማ ፊት በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርገው።

አደራ፣ አደራ፣ ቸርኬው ላይ ምንም ቅባት እንዳይነካ! ዘይት አይሁን፣ ቅቤ አይሁን፣ ሰም አይሁን። የሚጮኽ ፍሬን ይይዛል። የማይጮኽ ፍሬን ግን ወይ አዲስ ነው፣ ወይ የለም።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ሰውአገኝ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። እኛ በሙሉ ደህና ነን። ደብዳቤዎንና የፍሬኑን ጎማ አብዱልከሪም በፋሲካ ማግስት አምጥቶልኛል፤ ምክርዎ በጣም ጠቅሞኛል። ቢስክሌቷ እጅግ ደህና ናት። ፍሬኗም መጮኽ ትቷል።

አብዱልከሪም ሊያያት ፈልጎ ነበር፤ ግን አልተገናኙም። ለበዓል ኩልመስክ አክስቴ ጋ ሄዳለች። እሱም «ወላሂ፣ ቢስክሌት ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ሰምቼ አላውቅም» አለ። ስለዚህ ለምርመራው እስከ ሰኔ ጊዜ ቢሰጡኝ መልካም ነው። አስቸኳይ አይደለም። ቸርኬ የሚባለው ነገር እናንተ ጋ ይገኛል ወይ? የምጠይቀው ለጎረቤት ነው።

ታዛዥዎ
ምሥጋናው

አያ ሰውአገኝ፣ እንደምን ሰነበቱ። የእጅ ጽሕፈቱ መለወጡን አይተው ይሆናል። የጻፍኩት እኔ ማርያማዊት ነኝ። እሱ ያለኝን አንድም ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። ይህን ግን እሱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ነው የምጽፈው።

ቢስክሌቷ ኩልመስክ አልሄደችም። ከበረቱ ጀርባ ገለባ ለብሳ ተኝታለች፤ የፊት ቸርኬዋ እንደ ስምንት ቁጥር ተጣሟል። ሕማማት ገብቶ የእርስዎ መልስ ሲዘገይበት የባንቺዓለምን የጧፍ ቁራጭ ሰርቆ ቸርኬውን ዙሪያውን ሰም ቀባው። ደወሉንም በጨርቅ ጠቀለለው። «አሁን እንደ መልአክ ነው የማልፈው» ብሎ ሲስቅ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ሰው ከስግደት ወጥቶ መንገዱን ሞልቷል። ፍሬኑን ቢጨብጠው አልያዘም። ደወሉ አይደወል። «ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ መሆኑን ሲያዩ ቀልዱ መስሏቸው ዞር ያለ የለም። ሰው ላይ ከምወጣ ብሎ ከመሪጌታ አለሜ የገለባ ክምር ውስጥ ገባ። ከክምሩ ኋላ የድንጋይ ካብ ነበር።

ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። አብዱልከሪም ሲመጣ ጋቢ ውስጥ ደብቆት ነው ያወራው። እትዬ ይማርሽ እጁ እስኪፈታ ቦታውን ይዘውለታል። «ከዚያ በኋላ አንዲት ቀን ቢያረፍድ ግን ሌላ ሰው አለኝ» ብለዋል። የሚዋሸው ቢስክሌቷን እንዳይወስዱበት ነው። ሰው እንዳይገጭ ማድረጉን ለማንም አላወራም፤ ሁሉን የሚያወራው ሰውዬ።

መጣ። አበቃሁ።

*

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማርያማዊት፤ ከእሷ ቀጥሎም ለምሥጋናው

ሰላምና ጤና ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

ምሥጋናው፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ልማዴም ገለበጥኩት። ስለ ቢስክሌቷ ስንት ዓይነት ውሸት ፈጠርክ! ስለ እጅህ ግን አንዲት መስመር አልነበረህም። ቸርኬ ባሕር ዳር በየሱቁ አለ። የእጅ አንጓ የሚሸጥበትን ሱቅ እኔ አላውቅም። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ስናደድ ዋልኩ፤ ሲመሽ ደግሞ በሦስት ደብዳቤ ስለ ጎማና ካቴና ብቻ ስጮኽብህ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይህን አንዴ ነው የምጽፈው፤ እንዳትለጥፈው።

ማርያማዊት፣ አብዱልከሪም አዲስ ቸርኬ ከነጎማው ያስረክብሻል። እሱ በጀሶው አይንካ፤ አንቺ ሥሪ፣ እሱ ይያዝልሽ። ቢስክሌቷን ገልብጠሽ በኮርቻዋና በመሪዋ አቁሚያት። የተጣመመውን አውጥተሽ አዲሱን አስገቢና አዙሪው። በሁለቱም በኩል እኩል ርቆ መሐል ለመሐል ከዞረ ብሎኑን አጥብቂ። የኋላው ቸርኬም ሰም ነክቶታል፤ በሙቅ የሳሙና ውኃ፣ ከዚያ በጋዝ በተነከረ ጨርቅ፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና እጠቢው። አዲሱን የፍሬን ጎማ ስታስሪ ብረቱን እንጂ ጎማውን እንዳይነካ ተጠንቀቂ። ወረቀት አጥፈሽ ከፍሬኑ ጎማ ጭራ ሥር አስገቢና አጥብቀሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ሳቢው። የፊት ጫፉ ትንሽ ቀድሞ ሲነካ አይጮኽም። ያለ ሰም፣ ያለ ተአምር።

አሁን ፍርዱን ስሙ። አብዱልከሪም አይጭናትም። ለምሥጋናው ግን ከእንግዲህ አላውሰውም። ከዛሬ ጀምሮ ቢስክሌቷ የማርያማዊት ናት፤ ሰጥቻታለሁ። ምሥጋናው ሥራው እንዳይቀርበት ከፈለገ ከባለቤቷ ጋር ይነጋገር። የወንድ ዕቃ ነው ካለም በእግሩ ይሂድ።

ሰውአገኝ

*

ላሊበላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

እድሜ ይስጥዎ፤ እኔን ግን ቀበሩኝ። ጀሶው ተፈታልኝ፤ ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሉ የባሰበት ከስብራቱ ነው ብለው ይለፉኝ።

እኔ ሰው ስቀልድበት ኖሬ እንዲህ ያለ ቀልድ አልሠራሁም። ደብዳቤዎን ጮክ ብላ ያነበበችው እሷ ናት፣ እናቴ ባለችበት! «ሰጥቻታለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ደግማ አነበበችው። እናቴ እልል አለች። እኔ የቀረኝ ድርድር ነው።

ድርድሩም ይኸው። ትምህርቷ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ነው፤ እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ አለብኝ። «ላንተ ስል የአንድ ሰዓት ተኩል እንቅልፌን የማጣ ከሆነ፣ እኔ ፊቴን ስታጠብ አንተ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና አይተህ ትጠብቀኛለህ» አለች። እሺ አልኩ። ከኋላ እቀመጣለሁ። ዳገቱ ሲከብዳት ዞር ሳትል «ውረድ» ትላለች፤ ወርጄ እገፋለሁ፣ እሷ ከነቦርሳዋ ቁጭ ብላ! መንደሩ በየበሩ ወጥቶ ነው የሚስቀው። መሪጌታ አለሜ ትላንት ሲያዩን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጸሎት አይመስለኝም።

እኔም ልንዳ ብዬ ለመንኳት። «ፈተና አለ» አለችኝ። የእርስዎ ደብዳቤዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ከእነሱ ነው የምታወጣው። «ቁልቁለት ላይ የትኛው ፍሬን ይቀድማል? ቸርኬ ላይ የሚቀባው ምንድን ነው?» «ምንም» አልኳት። «ምንም በል እንጂ ለምን ትስቃለህ?» ብላ ጣለችኝ። አያ፣ በትክክል መልሼ ወደቅሁ!

ብቻ ሰኞ፣ ሥራ የተመለስኩ ዕለት፣ እትዬ ይማርሽ በር ላይ ስንደርስ በሩ ገና አልተከፈተም ነበር። አንኳኳሁ። እትዬ ይማርሽ ብቅ ብለው እኔን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ። «በየቀኑ አንቺ ነሽ የምታመጪው?» አሏት። «አዎ» አለች። «እንግዲያስ ይግባ» አሉ።

ሥራዬ ተርፏል። ክብሬ አልተረፈም። መቀመጫዬ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው፤ የኋላው ብረት ድንጋይ በረገጥን ቁጥር አጥንቴን ያነጋግረዋል። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስፖንጅ ያለው ትንሽ ትራስ ይላኩልኝ። በእሷ ስም ይላኩት፤ እኔ አስፈቅጄ እቀመጥበታለሁ።

ተሳፋሪው
ምሥጋናው